«ክፉዋን ልጅ አታስነብቡ» ላሉት ጸሐፊ ምላሽ

ሰሞኑን «ዘ ያንግ ኤሊትስ» የተባለውን ልብ ወለድ ልጆች እንዳያነቡት የሚያሳስብ አንድ ጽሑፍ በስልኬ ስድስት ጊዜ ደረሰኝ። ከላኩልኝ ሰዎች ሁለቱ የተማሪዎቼ ወላጆች ናቸው። አንዷ እናት ከሥሩ «ቲቸር፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከልጆቹ ጋር የምታነቡት ይሄንን ነው እንዴ?» ብላ ጽፋበታለች። አዎ፣ ይሄንኑ ነው። ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም።

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ 14 የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች ቤቴ ይሰበሰባሉ፤ ቡና ይፈላል፣ መጽሐፍ ይነበባል። ዘንድሮ የያዝነው የማሪ ሉን «ዘ ያንግ ኤሊትስ» ነው። ደራሲዋ ቻይና ተወልዳ አሜሪካ ያደገች ናት፤ መጽሐፉ በ2014 እ.ኤ.አ. ወጣ፣ በተከታዮቹ ሁለት ዓመታት ደግሞ ሁለት ቅጾች ተከትለውታል። መጽሐፉን የመረጥኩት እኔ አይደለሁም። ትምህርት ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት ልጆቹ ፋይሉን ከስልክ ወደ ስልክ እየተቀባበሉ አንብበውታል፤ ቅዳሜ ሲመጡ ክርክራቸው ሁሉ በእሱ ላይ ሆነ። እኔም በዘመድ በኩል የታተመውን አስመጥቼ አብሬያቸው ተቀመጥኩ።

ላላነበበው በአጭሩ፣ ታሪኩ የሚፈጸመው ኬኔትራ በምትባል የፈጠራ አገር ነው። የደም ትኩሳት የሚባል ወረርሽኝ ሕዝቡን ፈጅቶ አልፏል፤ ከሞት የተረፉት ልጆች ሰውነታቸው ላይ ምልክት ቀርቶባቸዋል። አገሬው «ማልፌቶ» ይላቸዋል፤ ገደቢስ ናቸው እያለ ይሸሻቸዋል፣ ለደረሰበት መከራ ሁሉ እነሱን ይከስሳል። አዴሊና ግራ ዐይኗን አጥታ፣ ፀጉሯ ብር መስሎ ነው የተረፈችው። አባቷ ነጋዴ ነው። ዕዳ ሲጸናበት ልጁን ለአንድ ባለገንዘብ በቅምጥነት ሊሰጥ ሲዋዋል ትሰማውና በሌሊት ትጠፋለች። አባቷ ተከታትሎ ሲደርስባት፣ ሳታውቀው ውስጧ የኖረው ኃይል፣ የሌለውን ነገር በሰው ዐይን ላይ የማሳየት ኃይል፣ ይፈነዳል፤ አባትየው በደነበረ ፈረስ ተረግጦ ይሞታል። የቀረው ታሪክ ይህቺ የተበደለች ልጅ እንዴት በዳይ እንደሆነች የሚያሳይ ነው። ሰው ትገድላለች። የቅርቧን ሰው ትጎዳለች። በሁለተኛው ቅጽ መጨረሻ ዙፋን ላይ ትወጣለች፤ እዚያ ስትደርስ ግን መጀመሪያ ያዘንንላት ልጅ የለችም።

አሁን ወደ ጽሑፉ። በጥሩ አማርኛ የተጻፈ ነው፤ ጸሐፊውም ለልጆች ተጨንቀው እንደጻፉት ያስታውቃል። ስለዚህ ያሉትን እንዳሉት ላስቀምጥ። ልጅ የባለታሪኩን ዱካ ይከተላል፤ ባለታሪኳ ነፍሰ ገዳይ ከሆነች አንባቢው መጀመሪያ ያዝንላታል፣ ቀጥሎ ይመስላታል ይላሉ። በእኛ ተረትና ታሪክ ደጉ ደግ፣ ክፉው ክፉ ነው፤ ክፉን ሰው ባለታሪክ አድርጎ መተረክ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ይላሉ። አስማትና ምትሐት የሞላበት መጽሐፍ ልጆችን ከጥንቆላ ጋር ያላምዳል ይላሉ። በመጨረሻም፣ ብዙ ሰው ጽሑፉን ያጋራው ለዚህኛው ይመስለኛል፣ ሴት ልጅ በአገራችን ስንት ክፉ ስም እየወጣላት ባለችበት ጊዜ ሌላ ክፉ ሴት ማምጣት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው፤ ልጆቻችን የሚያስፈልጓቸው አርአያ የሚሆኑ ሴቶች ናቸው ይላሉ።

ከሁለተኛው ልጀምር። እሱ የእውቀት ጉዳይ ስለሆነ ሄዶ በዐይን ማየት ይቻላል።

አንድ ዓመት ተማሪዎች ይዤ ዘጌ ሄጄ ነበር። ከባሕር ዳር በጀልባ ተሻግረን፣ ከቡናው ጫካ ውስጥ ለውስጥ ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ወጣን። የመቅደሱ ዙሪያ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው። አንድ አባት በዘንጋቸው እየጠቆሙ ያስረዱናል፤ ቅዱስ ጊዮርጊስን አሳዩን፣ ሰማዕታቱን አሳዩን፣ ልጆቹ ከኋላ ይንሾካሾካሉ። ከዚያ ዘንጉ በላኤ ሰብእ ላይ ሲደርስ ሁሉም ጸጥ አለ። ሰው ሲበላ ተሥሏል። ታሪኩን ደግሞ ያላወቀ ልጅ አልነበረም፤ ከአያቱ ጉያ ሆኖ የሰማው ነው። ቤተሰቡን ሳይቀር 78 ነፍስ የበላ ሰው ነው። አንድ ቀን በቁስል የተመታ ድኻ በእመቤታችን ስም ውኃ ለመነው፤ ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ነፍሱ በሚዛን ስትመዘን ያቺ ጥርኝ ውኃ 78ቱን ነፍስ መዘነች። በየካቲት ኪዳነ ምሕረት ይኸው ይነበባል፣ ይሰበካል።

ታዲያ የዚህ ታሪክ ባለቤት ማን ነው? ድኻው አይደለም፤ ስሙን እንኳ የሚያውቀው የለም። የተበሉትም አይደሉም። ታሪኩ የሚከተለው፣ ግድግዳው ላይ የተሣለው፣ ልጆቹ ጸጥ ብለው ያዩት በላተኛውን ነው። አባቶቻችን ይህን ታሪክ ከልጅ ዐይን አልደበቁትም፤ በቀለም አድምቀው መቅደሱ ላይ ሣሉት እንጂ።

ጸሐፊው «እሱ እኮ በመጨረሻ ድኗል» ሊሉ ይችላሉ። ልክ ነው፣ ድኗል። ግን እንዴት እንደዳነ ይታይ። ተጸጽቶ፣ ገዳም ገብቶ፣ ደግ ሰው ሆኖ አይደለም የዳነው፤ በአንዲት ጥርኝ ውኃ ነው። የታሪኩ ጉልበትም እዚህ ላይ ነው፦ ሙሉ በሙሉ ክፉ ነው ብለን የዘጋነው ሰው ውስጥ አንዲት ያልተዘጋች ቀዳዳ ነበረች። የአዴሊናን ሦስተኛ ቅጽ እስከ መጨረሻው ያነበበ ሰው ደግሞ ነፍሷን ለእህቷ ሰጥታ እንደምትሞት ያውቃል። ጽሑፉ ይህን አያነሳም፤ ጸሐፊው ከመጀመሪያው ቅጽ ያለፉ አይመስለኝም።

ከጣና ሳልርቅ አንድ ልጨምር፣ በአክብሮት። ቅድስት ክርስቶስ ሠምራ በጣናዋ ጓንጉት የጸለየች፣ ነሐሴ 24 የምትታሰብ ጻድቅ ናት። ገድሏ የምናኔዋን መነሻ አይደብቅም፤ በንዴት የእሳት ትንታግ አገልጋይዋ አፍ ውስጥ ከትታ ገድላታለች፤ በጸሎት አገልጋይዋ ተነሥታላታለች፤ ከዚያ ነው ዓለምን የተወችው። ገድሉን የጻፈው ሰው ያንን ገጽ መዝለል ይችል ነበር። አልዘለለውም። ይህችው ጻድቅ ሰይጣንን እንኳ ከፈጣሪው ለማስታረቅ እንደለመነች ገድሉ ይነግረናል። «ክፉን በክፉነቱ ብቻ ነው የምናውቀው» የሚል ሰው ከዚህ ገድል ጋር እንዴት ሊስማማ ነው?

ያልዳነችም አለችን። ዮዲት ጉዲትን የማያውቅ ልጅ የለም፤ አክሱምን ያቃጠለች፣ አብያተ ክርስቲያናትን ያፈረሰች ሴት። ነገር ግን ከትውፊቶቹ አንዱ ከዚያ በፊት የሆነውን ይተርካል፦ የወደዳት ዲያቆን ለጫማዋ ብሎ ከጽዮን መጋረጃ ቆርጦ እንደሰጣት፣ ሲታወቅም ቅጣቱ በእሷ ላይ ወድቆ ጡቷ እንደተቆረጠ። ይህ በታሪክ ሆነ አልሆነ ሌላ ክርክር ነው። እኔን የሚገርመኝ ሕዝባችን በጣም የጠላትን ሴት ሲተርክ እንኳ «ምን አድርገዋት ነው?» ብሎ መጠየቁ ነው። አዴሊናን የፈጠረችው ደራሲ ያደረገችው ይህንኑ ነው፤ ከባሕር ማዶ ሳይመጣ በፊት እኛ ቤት ነበረ።

ዘጌን ሳነሳ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስን ሳላነሳ ማለፍ አልችልም፤ የዘጌ ልጅ ናቸውና። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ያሳተሙት፣ እኛ «ጦቢያ» የምንለው፣ የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ ባለታሪኳ ሴት ናት። ጦቢያ ክፉ አይደለችም። ግን የወንድ ልብስ ለብሳ አገር ታታልላለች፤ በማታለሏም የንጉሡ ዘመድ የሆነች ልጅ ወንድ መስላት ትወዳታለች። ጸሐፊው እንደሚሉት ባለታሪክ ሁሉ አርአያ መሆን ካለበት ልብ ወለዳችን ገና ሲጀመር ስቷል ማለት ነው።

ወደ አስማቱ ልለፍ። እዚህ ላይ አንድ ነገር እቀበላለሁ፦ መጽሐፉ ውስጥ የሚያስፈራ ነገር አለ፤ አንዲት የ11ኛ ክፍል ልጅ ሁለት ሌሊት እንቅልፍ አጥታ ነበር። ለ10 ዓመት ልጅ የሚሰጥ መጽሐፍ አይደለም፤ ጸሐፊው ይህንን ብቻ ብለው ቢሆን ኖሮ እኔም ጽሑፋቸውን አጋራላቸው ነበር። «ጥንቆላን ያላምዳል» የሚለው ግን የጎጃምን ልጅ ካለማወቅ የመጣ ነው። የጎጃም ልጅ አብሾ ጠጥቶ ቅኔው የጎረፈለትን ተማሪ፣ አብሾው ያናወዘውንም ጭምር ሲሰማ ያደገ ነው። በጥይት የተመታው ጅብ ጆሮው ላይ የሴት ጉትቻ ተገኘ የሚለውን በእሳት ዳር ያልሰማ ማን አለ? አስማት ለእነዚህ ልጆች አዲስ ነገር አይደለም። አዲስ የሆነባቸው፣ አስማተኛ የተባለው ሰው ራሱ አፍ አውጥቶ ሲናገር መስማታቸው ነው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያስነሳኝ ይሄ ስለሆነ።

ከልጆቹ መካከል እናቷ ሸክላ እየሠራች ገበያ የምታወጣ አለች። ይህን እንድጽፍ ፈቅዳልኛለች። «ማልፌቶ» የሚለው ቃል መጀመሪያ የመጣ ቀን ለልጆቹ ትርጉም ስፈልግ ቆየሁ። «የተረገመ» አልኩ፣ አልጣመኝም። «ገደቢስ» አልኩ። ይህቺ ልጅ ከጥግ ሆና፣ ቀና ሳትል፣ «ቲቸር፣ ቡዳ ማለት እኮ ነው» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ልጅቷ ሌላ ነገር ተናገረች። ጓደኛዋ ቤት ስትሄድ እናትየው ደግ ናቸው፤ ደህና አድርገው ይቀበሏታል፤ ግን ገና በሩ ላይ ሳለች የመሶቡን ክዳን ይገጥሙታል። እንጀራው ለምሳ ተከፍቶ ቢሆን እንኳ ይገጥሙታል። «ከገባሁ በኋላ አይደለም፤ ድምፄን ሲሰሙ ነው» አለች። ጓደኛዋ አጠገቧ ተቀምጣ ነበር፤ አልካደችም፤ አለቀሰች።

እኔ ይህን መሶብ አውቀዋለሁ። እናቴም ትገጥመው ነበር። ቀጥቃጭ ሲመጣ፣ ሸማኔ ሲመጣ፣ ሸክላ ሠሪ ሲመጣ፣ ማንም ምንም ሳይናገር እጅ ወደ ክዳኑ ይሄዳል። አፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከከለከሉ ከ100 ዓመት በላይ ሆኗል፤ አዋጁ መሶቡ ጋ አልደረሰም። የሚያሳፍረው ደግሞ እኛ ጎጃሞች ይህ ስም እንዴት እንደሚያም የምናውቅ ሰዎች መሆናችን ነው። አዲስ አበባ ሄዶ «ጎጃሜ ነኝ» ሲል «ቡዳ» ያልተባለ ካለ ዕድለኛ ነው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ የመኝታ ክፍሌ ልጆች በጨዋታ መልክ ምግብ ሲሸፍኑብኝ የተሰማኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። አገሬ ስመለስ ግን የሸክላ ሠሪዋ ልጅ ስትመጣ የተገጠመውን መሶብ አላየሁትም ነበር። ያሳየኝ የሩቅ አገር ሰው የጻፈው፣ በአስማት የተሞላ፣ ክፉ ልጅ ያለችበት መጽሐፍ ነው።

ጸሐፊው «ይህ መጽሐፍ ለልጆቻችን ሕይወት ምን አገናኘው?» ሲሉ ጠይቀዋል። መልሴ ያ መሶብ ነው።

እንግዲህ ወደ መጀመሪያው፣ ወደ መምሰሉ ጉዳይ እንምጣ። ልጅ ያነበበውን ይመስላል የሚለው ፍርሃት ከንቱ አይደለም፤ እኔም ማንበብ ስንጀምር ፈርቻለሁ። ስለዚህ አንድ ነገር አደረግን። የታተሙትን ቅጾች መሀል ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩና ለእያንዳንዱ ልጅ ከደብተር የተቀደደ ቁራጭ ወረቀት ሰጠሁ። ሁሉም ስሙን ጽፎ፣ «ከዚህ በኋላ ከአዴሊና ጋር አይደለሁም» የሚልበት ገጽ ላይ እንዲሰካው ነገርኳቸው። አንድ ልጅ ገና አባቷ የሞተበት ገጽ ላይ ሰካ፤ «ሳታውቅ ነው» ብለው ሌሎቹ ተሟገቱት፣ እሱ ግን አላነሳውም። አምስቱ ዳንቴ የሚባለውን ወጣት የገደለችበት ላይ ሰኩ፤ እዚያ አላውቅም ነበር ማለት አትችልም። ሰባቱ እስከ ሁለተኛው ቅጽ አብረዋት ሄደው፣ በገዛ እህቷ ላይ የተነሳችበት ቦታ ላይ ቆሙ። አንዷ ወረቀቷን ሳትሰካ ሦስት ሳምንት በእጇ ይዛው ቆየች። በመጨረሻ እሷም ከእህትየዋ ገጽ ላይ ሰካችው።

አሥራ አራቱም ወረቀት መጽሐፉ ውስጥ ነው ያለው። እስከ ዙፋኑ አብሯት የወጣ የለም።

መምሰል ማለት ይህ ከሆነ አልገባኝም። እኔ ያየሁት ልጆች የሚወዱት ሰው ሲሳሳት የት ላይ «በቃኝ» እንደሚሉ ሲለማመዱ ነው። ደግ ባለታሪክ ይህን ሊያለማምዳቸው አይችልም፤ እሱን ዐይን ጨፍኖ እስከ መጨረሻው መከተል ይቻላልና። በዚህ ዘመን ጎጃም ውስጥ ላለ ወጣት፣ የሚወደውን ሰው ወይም ቡድን የት ድረስ እንደሚከተልና የት ላይ እንደሚቆም ማወቅ የመጽሐፍ ጨዋታ ብቻ አይደለም።

አሁን የሴቶቹ ጉዳይ። ጸሐፊው አርአያ የሚሆኑ ሴቶች ያስፈልጉናል ሲሉ አብሬያቸው ነኝ። ግን ጥያቄ አለኝ፦ ይህንን መስፈርት ለወንድ ልጅ አውጥተን እናውቃለን?

ጎጃም የሚፎክርለትን ወንድ እንይ። በላይ ዘለቀን ከአዴሊና ጋር ላነጻጽር አይደለም፤ እሱ ለአገሩ የተዋጋ አርበኛ ነው፣ በ1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሲሰቀል ጎጃም ያለቀሰው በምክንያት ነው። የማነሳው ከጣልያን ወረራ በፊት ያለውን ነው። አባቱ የተገደለበት ወጣት ዱር ቤቴ ብሎ ወጣ ተብሎ ሲተረክ፣ ሰሚው ሁሉ አንገቱን እየነቀነቀ ይረዳዋል። «ምን ያድርግ!» ይላል። ተበድሎ የሸፈተ ወንድ ዘፈን ይወጣለታል፣ ልጅ በስሙ ይሰየምለታል። የሸፈተ ሁሉ ደግሞ በላይ አይደለም፤ ድኻ የዘረፈም ነበር፣ ይፎከርለታል እንጂ ወላጅ «ይህን ለልጄ አትንገሩብኝ» ሲል አልሰማሁም። ተበድላ የሸፈተች ሴት ልጅ ግን በፈጠራ አገር ውስጥ፣ በወረቀት ላይ ስትመጣ እንኳ ደነገጥን። ያስደነገጠን ክፋቷ ነው ወይስ ቁጣዋ? ጸሐፊው ይህን ለራሳቸው ቢጠይቁ ደስ ይለኛል።

ሐዲስ ዓለማየሁ እዚሁ እንዶዳም ኪዳነ ምሕረት ተወልደው፣ በ1958 ዓ.ም. «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ሰጡን። ሰብለ ወንጌል ለማትፈልገው ሰው ልትዳር ስትል ከአባቷ ቤት ጠፍታ ትወጣለች። አዴሊናም ከአባቷ ቤት ጠፍታ ትወጣለች። ቅዳሜ ሁለቱን ጎን ለጎን ስናነብ አንድ ልጅ «ሰብለ ፍቅር ይዛ ወጣች፣ አዴሊና ንዴት ይዛ ወጣች» አለ። ሴቶቹ ልጆች ዝም አሉ፤ ከዚያ አንዷ «እሷ በዛብህ ነበራታ፤ የሚወዳት ሰው የሌላት ምን ይዛ ትውጣ?» አለችው። ሰብለን አርአያ ማድረግ ቀላል ነው። እኔም እወዳታለሁ፣ ባነበብኳት ቁጥር አለቅሳለሁ። ግን ጥር ሲደርስ ክፍሌ ውስጥ ወንበር ይጎድላል። ሕጉ 18 ዓመት ቢልም ሠርግ ይደገሳል፣ ልጅቷ ትቀራለች፣ እኛም ስሟን ከስም መጥሪያው ላይ እንሰርዛለን። ያቺ ልጅ ውስጥ ያለው ትዕግሥት ብቻ ነው ብዬ ማመን አልችልም። ለቁጣዋ ቃል ካላገኘች፣ ያ ቁጣ የት እንደሚያደርሳትም በሰው ታሪክ ካላየች፣ ብቻዋን ነው የምትሸከመው።

ከዚያው መጽሐፍ ጉዱ ካሣንም ልጥራ። አገሩ «ጉዱ» ያለው ስላበደ አልነበረም፤ የአገሩን ሥርዓት ጠማማነት ፊት ለፊት ስለተናገረ ነው። ጉዱ፣ ጉዲት፣ ማልፌቶ፣ ቡዳ። ሰው በስም ብቻ ከሰው ተራ እንደሚወጣ ከሐዲስ የተማረ አንባቢ አዴሊናን ሲያገኝ እንግዳ አትሆንበትም።

ጸሐፊው ልክ የሆኑባቸው ቦታዎች አሉ፣ አልሸሽግም። ልጆቹ ያነበቡት ፋይል ያለ ፈቃድ የተቀዳ ነው፤ ደራሲዋ የድካሟን ዋጋ አላገኘችም፣ ይህ ልክ አይደለም። መግደሏን እንደ ድል የሚተርኩ ገጾች አሉ፣ እኔንም ይከብዱኛል። ሦስተኛው ቅጽ ደግሞ የልቧን መለወጥ በጣም ያጣድፈዋል፤ ሁለት ቅጽ ሙሉ ቀስ እያለች የወረደችውን ቁልቁለት እንዲያ በችኮላ መውጣቷ አላሳመነኝም። ከሁሉም በላይ ወላጆችን አስቀድሜ ሰብስቤ ማነጋገር ነበረብኝ። አላነጋገርኩም፤ የዚያች እናት መልእክት ያስደነገጠኝም ለዚህ ነው። በሚቀጥለው ቅዳሜ ወላጆች እንዲመጡ ጠርቻለሁ። ጸሐፊውም ደብረ ማርቆስ ብቅ ካሉ ቡናው ላይ ቢገኙ ደስታዬ ነው፤ መጽሐፉን ከነወረቀቶቹ አሳያቸዋለሁ።

ቢመጡ የሚያገኙት ክርክር ግን ስለ አዴሊና አይደለም። ልጆቹ ከእሷ ወደ እህቷ ከዞሩ ሰነበቱ። ቫዮሌታ ትኩሳቱ ምልክት ያልተወባት፣ አባቷ የሚወዳት፣ ቆንጆዋ ልጅ ናት። የሌላውን ኃይል የመንሳት ኃይል ነበራት፤ ያንን ለዓመታት ደብቃ፣ አባታቸው ታላቋን ሲያሠቃይ ከጎን ሆና አይታለች። መጥፎ ልጅ አይደለችም፤ ፈርታ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ልጆቹ ሲበተኑ፣ ሲኒዎቹን ስሰበስብ፣ ያቺ እናቷ መሶብ የምትገጥመው ልጅ ወደ ኋላ ቀረች። ረከቦቱን አነሳችልኝና «ቲቸር፣ ቫዮሌታ ያኔ አንድ ቃል ብትናገር ኖሮ አዴሊና እንደዚህ ትሆን ነበር?» አለችኝ። እኔ መልስ ሳልሰጣት፣ ጓደኛዋ በር ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበርና፣ ወጣች። አብረው ሄዱ፤ ወደ ሸክላ ሠሪዋ ቤት በሚወስደው መንገድ።